ፕሮፌሰር ሄርማን ሽታውዲንገር፤ የረጅሙ ሞለኪውል ጠበቃ

በዘመናችን አንዲት የደም ጠብታ ከፀጉር በማይወፍሩ ቦዮች አልፋ በብርሃን የምትመረመርባቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከግልጽ ፖሊመር ነው። ፖሊመሩ ሲሞቅ ለስልሶ የቅርጹን ደቃቅ መስመር ይቀበላል፤ ሲቀዘቅዝም ይዞት ይቀራል። በቦዩ ግድግዳ ላይ የተተከለው ፀረ እንግዳ አካል የሚፈለገውን ፕሮቲን ሲይዝ የብርሃኑ ጠባይ ይለወጣል፤ ከለውጡም የፕሮቲኑ መጠን ይታወቃል። ለዚህ ሁሉ መሠረቱ የፖሊመር ሞለኪውል ረጅም ሰንሰለት መሆኑ ነው። ለዚህ እውነት ብዙ ተቃውሞ ችለው የተሟገቱት ፕሮፌሰር ሄርማን ሽታውዲንገር ናቸው።

ሽታውዲንገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. በጀርመን አገር፥ በቮርምስ ከተማ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1903 በሃሌ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። ኬቲን የተባሉትን ውሕዶች በማግኘታቸው ገና በወጣትነታቸው ስመ ጥር ሆኑ፤ በ1912ም በዙሪክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በዚያው መንገድ ቢቀጥሉ ኖሮ ክብር ያለ ክርክር በተከተላቸው ነበር።

እርሳቸው ግን በ1920 ጎማና ፖሊስታይሪን በእውነተኛ ኬሚካዊ ትስስር የተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች መሆናቸውን ጽፈው አሳተሙ። ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት እነዚህን ነገሮች የትንንሽ ሞለኪውሎች ክምችት አድርገው ያዩ ስለነበር ሐሳባቸውን ነቀፉ። ሽታውዲንገር በሙከራ መለሱ። ክምችቱን ያያይዛል የተባለውን የጎማ ድርብ ትስስር በ1922 በሃይድሮጅን አጠገቡት፤ ጎማው ግን ወደ ትንንሽ ሞለኪውሎች አልተበተነም። ማክሮሞለኪውል የሚለውንም ስም ያወጡት ያን ጊዜ ነው። በ1926 ወደ ፍራይቡርግ ተዛውረው የሟሙ ፖሊመሮችን ውፍረት በመለካት የሰንሰለቱን ርዝመት መገመት እንደሚቻል አሳዩ።

ፈተናቸው ግን በቤተ ሙከራ አላበቃም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ጦርነቱንና የመርዝ ጋዝን በመቃወማቸው፥ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በዩኒቨርሲቲው ሬክተር በፈላስፋው ማርቲን ሃይደገር ተከሰሱ። በ1934 የስንብት ደብዳቤ እንዲፈርሙ ተገደዱ፤ ደብዳቤው ሥራ ላይ ሳይውል ቢቀርም ሥጋቱ አልለቀቃቸውም። በ1944 የሥራ ቦታቸው በአየር ድብደባ ፈረሰ።

የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው በ1953፥ በ72 ዓመታቸው ነው። በ1965 በፍራይቡርግ አረፉ። የሥራ ባልደረቦቻችን ከሕይወታቸው የሚማሩት አንድ ነገር ቢኖር፥ ብዙኃን የተስማሙበትን ሐሳብ የሚፈትነው በጥንቃቄ የተሠራ ሙከራ መሆኑን ነው።