ጆን ቢንግሃም እና የዐሥራ አራተኛው ማሻሻያ ዕጣ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት አንድ ክፍለ ግዛት የዜጎችን ጦር መሣሪያ የመያዝ መብት እስከ ምን ድረስ ሊገድብ ይችላል የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ የሕግ ባለሙያዎች በ1866 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወደ ተረቀቀው አንድ አንቀጽ ይመለሳሉ። የአንቀጹ ዋና አርቃቂ የኦሃዮው ጠበቃ ጆን ቢንግሃም ነበሩ።

ቢንግሃም በ1815 ዓ.ም. በፔንሲልቬኒያ፣ መርሰር በተባለው ስፍራ ተወለዱ። ትምህርታቸውን የተከታተሉት የባርነት ተቃዋሚዎች በበረቱበት በኦሃዮው ፍራንክሊን ኮሌጅ ሲሆን፣ በባርነት ተወልዶ ነጻ የወጣው ታይተስ ባስፊልድም በዚያው አብሯቸው ተምሯል። በ1840 ዓ.ም. የጥብቅና ፈቃድ አገኙ፤ በ1855 ዓ.ም. የኮንግሬስ አባል ሆኑ። በ1865 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሊንከን ግድያ ሤራ የተከሰሱት ሰዎች በወታደራዊ ፍርድ ቤት ሲዳኙ፣ ከዐቃብያነ ሕጉ አንዱ እርሳቸው ነበሩ።

ይሁን እንጂ ቢንግሃምን እጅግ ያሳሰባቸው የሕገ መንግሥቱ ጉድለት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1791 ዓ.ም. የጸደቁት የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ማሻሻያዎች የሚያስሩት የፌዴራሉን መንግሥት እንጂ ክፍላተ ግዛቱን እንዳልሆነ በ1833 ዓ.ም. ወስኖ ነበር። ስለ ጦር መሣሪያ የሚናገረው ሁለተኛው ማሻሻያም ከእነዚሁ አንዱ ነው።

የዚህ ውሳኔ ውጤት የርስ በርሱ ጦርነት እንዳበቃ ጎልቶ ታየ። ሚሲሲፒ በ1865 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ነጻ የወጡ ጥቁሮች ከአካባቢው ባለሥልጣን ፈቃድ ሳያገኙ ጦር መሣሪያ እንዳይዙ ከለከለች፤ ክልከላው ነጮችን አይመለከትም ነበር። ትጥቁን የተገፈፈው ጥቁር ገበሬ ሌሊት ታጣቂዎች ቤቱን ሲከብቡት የሚከላከልበት መሣሪያ፣ ሲነጋም የሚከስበት ሕገ መንግሥት አልነበረውም።

ቢንግሃም ያረቀቁት አንቀጽ ማንኛውም ክፍለ ግዛት የዜጎችን ልዩ መብቶች እንዳይቀንስ፣ ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የሰውን ሕይወት፣ ነጻነትና ንብረት እንዳይነካ፣ በሕግ ፊት እኩል ጥበቃን እንዳይነፍግ የሚያዝ ሲሆን፣ በ1868 ዓ.ም. ጸደቀ። በ1871 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ቀርበው፣ ልዩ መብቶች የተባሉት የመጀመሪያዎቹን ስምንት ማሻሻያዎች እንደሚጨምሩ በዝርዝር አስረዱ። አንቀጹ ራሱ ግን ማሻሻያዎቹን በስም አይጠራም፤ ለኋላው ክርክር በር የከፈተውም ይኸው ነው።

በ1873 ዓ.ም. በሉዊዚያና፣ ኮልፋክስ ከተማ በርካታ ጥቁሮች በነጭ ታጣቂዎች ተገደሉ። ስለዚሁ ጭፍጨፋ የቀረበው ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በደረሰ ጊዜ፣ ፍርድ ቤቱ በ1876 ዓ.ም. ሁለተኛው ማሻሻያ የሚገድበው የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ነው ሲል ወሰነ፤ የጥፋተኝነቱ ፍርድም ፈረሰ። በዚያን ጊዜ ቢንግሃም በጃፓን የአሜሪካ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ነበሩ። እስከ 1885 ዓ.ም. በዚያው አገልግለው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1900 ዓ.ም. በካዲዝ፣ ኦሃዮ ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ትርጓሜያቸው በፍርድ ቤቱ ተቀባይነት አላገኘም ነበር።

ከሞታቸው 110 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የቺካጎ ከተማ የሽጉጥ ክልከላ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተመረመረበት ጉዳይ፣ ዳኞቹ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሁለተኛው ማሻሻያ ክፍላተ ግዛትንም ያስራል ብለው ፈረዱ። የጥቁሮቹ ትጥቅ መገፈፍ ታሪክም በፍርዱ ውስጥ ተወሳ። ሆኖም ከብዙኃኑ አራቱ ዳኞች የተመረኮዙት በተገቢው የሕግ ሥርዓት ሐረግ ላይ ነበር፤ ቢንግሃም የተማመኑበትን የልዩ መብቶች ሐረግ መሠረት ያደረጉት ዳኛ ቶማስ ብቻ ናቸው። በአንጻሩ የተለየ ሐሳብ የያዙት ዳኞች፣ በጦር መሣሪያ ብዛት ሕይወት የሚጠፋባቸው ክፍላተ ግዛትና ከተሞች መፍትሔውን ራሳቸው ሊመርጡ ይገባል ሲሉ ተከራከሩ።

ሁለቱም ወገኖች የሰውን ሕይወት ስለ መጠበቅ ይናገራሉ። የቢንግሃም ታሪክ ክርክሩን አይዘጋውም፤ ነገር ግን ማንኛውም የትጥቅ ገደብ ሲመዘን በእኩልነት በሁሉም ላይ የሚሠራ መሆኑ፣ ትጥቁን ለፈታውም የሕግ ጥበቃ ያለው መሆኑ በቅድሚያ ሊጠየቅ እንደሚገባ ያስተምራል።