ሲሴሮና የሮማውያን የሹመት መሰላል

ባለፈው ዓመት የክፍላችን አለቃ ነበርሁ። መምህር በሌለበት ሰዓት የሚረብሹትን ተማሪዎች ስም እየጻፍሁ ማቅረብ ሥራዬ ነበረ። አንድ ቀን ክፍሉ በጩኸት በታወከ ጊዜ፥ ማን እንደ ጀመረው ሳልጠይቅ የአራት ልጆች ስም ጽፌ አቀረብሁ፤ አራቱም ተቀጡ። ክፍሉ ወዲያው ጸጥ ስላለ በሥራዬ ደስ ብሎኝ ነበረ። ኋላ ግን ከአራቱ አንዱ አፉን እንኳ እንዳልከፈተ ተረዳሁ። ነገሩን ለታሪክ መምህራችን ባጫውታቸው አልተቈጡኝም፤ የሲሴሮን ታሪክ እንዳነብ ብቻ መከሩኝ። ያነበብሁትን እነሆ ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን አቀርባለሁ።

ማርቆስ ቱልዮስ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ106 ዓመት፥ ከሮማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ አርፒኖ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸውና፥ ዘመኑ ወደ ፊት በሄደ መጠን ቍጥሩ እያነሰ እንደሚሄድ አንባቢ ያስተውል። ሲሴሮ የሚለው ስም በላቲን ቋንቋ ሽምብራ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ፕሉታርክ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ ከአያቶቹ የአንዱ አፍንጫ ጫፍ እንደ ሽምብራ የተሰነጠቀ ነበረ። ሲሴሮ ለሹመት በቀረበ ጊዜ ወዳጆቹ ይህን መሳቂያ ስም እንዲለውጥ ቢመክሩት፥ እርሱ ግን ስሙን ከታላላቆቹ ቤተ ሰቦች ስም ይልቅ የከበረ ለማድረግ እንደሚጥር መለሰላቸው ይባላል።

በዚያ ዘመን ሮማ ንጉሥ አልነበራትም። ሮማውያን ንጉሣቸውን ካባረሩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ተጠቅልሎ እንዳይቀር ሁለት ብልሃት አበጅተዋል። አንደኛው፥ ዋና ዋናዎቹ ሹመቶች ከአንድ ዓመት እንዳያልፉ ነው። ሁለተኛው፥ በአንድ ሹመት ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዎች እንዲቀመጡና አንዱ የሌላውን ትእዛዝ ለማገድ እንዲችል ነው። በብርቱ ጭንቅ ጊዜ ብቻ ዲክታቶር የሚባል አንድ ሹም ይሾም ነበር፤ እርሱም ከስድስት ወር በላይ እንዳይቈይ ተወስኗል።

ሹመቱ እንደ መሰላል በየደረጃው የሚወጣ ነበረ። የመጀመሪያው ደረጃ ኩዌስተር ሲሆን፥ 20 ሰዎች እየተመረጡ የመንግሥቱን ገንዘብ ይቈጣጠራሉ፤ ዕድሜያቸውም ከ30 ዓመት እንዳያንስ ያስፈልጋል። ቀጥሎ አራት ኤዲሎች መንገዱን፥ ገበያውን፥ የእህሉን ነገርና የሕዝቡን በዓል ይጠብቃሉ። ከዚያ በላይ ስምንት ፕሬቶሮች ዳኝነቱን ይመራሉ፤ ለዚህ 39 ዓመት የሞላው ሰው ይፈለጋል። በጫፉ ላይ ሁለት ኮንሱሎች ተቀምጠው መንግሥቱን ይመራሉ፥ ጦሩንም ያዛሉ፤ ለዚህ 42 ዓመት መሙላት ግድ ነው። እኛ ዛሬ በውጭ አገር ያለውን የመንግሥት ወኪል የምንጠራበት ቆንስል የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ሥራው ግን አይገናኝም። ከነዚህ ሌላ ሕዝቡን ከሹማምንት ግፍ የሚከላከሉ 10 ትሪቡኖች ነበሩ። ኩዌስተር የነበረ ሁሉ 600 ያህል አባላት ባሉት በሴናቶ ገብቶ በምክር ይቀመጣል። ለሹመቱ ደመወዝ ስላልነበረው፥ መሰላሉን የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ የባለጠጎችና የዝነኛ ቤተ ሰቦች ልጆች ነበሩ።

ከሲሴሮ ወገን ግን በሮማ ተሾሞ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሀብቱ አንደበቱና ትምህርቱ ነበረ። በ80 ዓመት፥ ገና የ26 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፥ አባቱን ገድሏል ተብሎ ለተከሰሰው ለሮስኪዮስ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ያን ጊዜ ሱላ የተባለው የጦር አለቃ በኀይል ሮማን ይዞ፥ የጠላቶቹን ስም በአደባባይ እየለጠፈ ያስገድል ነበር። ስሙ በዝርዝሩ የወጣ ሰው ሳይጠየቅና ሳይፈረድበት ይሞታል፤ ንብረቱም ይሸጣል። የሮስኪዮስን አባት ርስት በርካሽ የወሰደው ደግሞ የሱላ ባለሟል ነበረ። ብዙዎች ፈርተው ዝም ባሉበት ሰዓት ሲሴሮ ተናግሮ ተከሳሹን ነጻ አወጣው።

በ75 ዓመት ኩዌስተር ሆኖ ወደ ሲሲሊያ ደሴት ተላከ። በሮማ እህል ተወዶ ስለ ነበረ ብዙ ስንዴ ሰደደ፤ ሲመለስም አገሩ ሁሉ ስለ እርሱ የሚያወራ መስሎት ነበር። በመንገድ ያገኘው አንድ የሚያውቀው ሰው ግን ከሮማ መቼ እንደ ወጣና ምን ወሬ እንዳለ ጠየቀው። ሲሴሮ በዚህ አፍሮ ሕዝቡ ከሚያየው ስፍራ ላለመራቅ ወሰነ፤ ይህንንም በራሱ ላይ እየቀለደ ኋላ ተናግሮታል። በ70 ዓመት የሲሲሊያን ሕዝብ የዘረፈውን አገረ ገዢ ቬሬስን ከሶ አሸነፈው፤ ቬሬስም ፍርዱ ሳይፈጸም ሸሸ። ከዚያ ሲሴሮ በ69 ዓመት ኤዲል፥ በ66 ዓመት ፕሬቶር፥ በ63 ዓመት ኮንሱል ሆነ፤ ኮንሱልነቱንም ያገኘው ሕጉ በፈቀደው የመጀመሪያ ዓመት ነው። አያት ቅድመ አያቱ ያልተሾመ ሰው ኮንሱል ከሆነ 30 ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

በዚያው ዓመት ካቲሊና የሚባል መኰንን ለኮንሱልነት ተወዳድሮ ስለ ተሸነፈ፥ ሹማምንቱን ገድሎ መንግሥቱን ለመያዝ ዶለተ። ሲሴሮ ምስጢሩን ደርሶበት በሴናቶ ፊት ገለጠው፤ ካቲሊናም ከከተማ ወጥቶ ወደ ሠራዊቱ ሄደ። በሮማ የቀሩት ግብረ አበሮቹ የጻፉት ደብዳቤ ከነማኅተሙ ተያዘ። ከነርሱም አንዱ ሌንቱሎስ የተባለ ፕሬቶር ነበረ።

ክርክሩ የመጣው ከዚህ ላይ ነው። ከ60 ዓመት በፊት በወጣ ሕግ፥ አንድ የሮማ ዜጋ ያለ ሕዝብ ፍርድ በሞት እንዳይቀጣ ተከልክሏል። ዲሴምበር 5 ቀን ሴናቶው በተሰበሰበ ጊዜ ዩልዮስ ቄሳር እስረኞቹ በልዩ ልዩ ከተማ ታስረው እንዲቈዩ አሳሰበ፤ ካቶ ደግሞ እንዲሞቱ አጥብቆ ተናገረ። ሴናቶው የካቶን ቃል ተቀበለ። በዚያው ምሽት ሲሴሮ ሌንቱሎስን ራሱ ወደ ወህኒ ቤት ወሰደው፤ አምስቱም እስረኞች በገመድ ታንቀው ሞቱ። ሕዝቡ ሲሴሮን በእልልታ ወደ ቤቱ ሸኘው፤ የአገር አባትም ተባለ። ዳሩ ግን በሹመቱ መጨረሻ ቀን ለሕዝቡ ሊናገር ሲነሣ፥ አንድ ትሪቡን ሌሎችን ሳያስፈርድ የገደለ ሰው ራሱ ሊናገር አይገባውም ብሎ ከለከለው።

በ58 ዓመት ክሎድዮስ የተባለ ትሪቡን፥ ዜጋን ያለ ፍርድ የገደለ ሁሉ ከአገር እንዲወጣ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ሲሴሮ ወደ ግሪክ ተሰደደ፤ ቤቱም ፈረሰ። በማግሥቱ ዓመት ሕዝቡ መልሶ ቢጠራውም፥ ሮማ እንደ ቀድሞዋ አልነበረችም። በ49 ዓመት ቄሳር ጦሩን ይዞ መጣ፤ ኋላም የዕድሜ ልክ ዲክታቶር ሆነ። የስድስት ወሩና የአንድ ዓመቱ ወሰን በዚህ ፈረሰ። በ44 ዓመት ማርች 15 ቀን ቄሳር ሲገደል፥ ሲሴሮ ከገዳዮቹ ጋር ባይሆንም የጥንቱ ሕግ ይመለሳል ብሎ ተስፋ አደረገ፤ በሥልጣን በተነሣው በአንቶንዮስ ላይም 14 ንግግሮች አዘጋጀ።

በ43 ዓመት ግን አንቶንዮስ፥ ኦክታቪያኖስና ሌፒዶስ ታርቀው ሥልጣኑን ተካፈሉ፤ እንደ ሱላም የጠላቶቻቸውን ስም ለጠፉ። የሲሴሮ ስም ከዝርዝሩ ነበረ። ዲሴምበር 7 ቀን፥ በ63 ዓመት ዕድሜው፥ ወደ ባሕር ሲሸሽ ወታደሮች ደርሰው ገደሉት። ራሱና እጆቹ እርሱ ይናገርበት በነበረው የሮማ አደባባይ ተሰቀሉ። አንቶንዮስ የሌንቱሎስ የእንጀራ ልጅ ነበረ። አምስቱ ሰዎች በወህኒ ከታነቁ ልክ 20 ዓመት ከሁለት ቀን ሆኖ ነበር።

ከ13 ዓመት በኋላ አንቶንዮስ በግብፅ ተሸንፎ በሞተ ጊዜ የሲሴሮ ልጅ ኮንሱል ነበረ፤ የአንቶንዮስ ሐውልቶችም በእርሱ ሹመት ዘመን ፈረሱ። ነገር ግን ያን ጊዜ ኮንሱልነት ስሙ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሥልጣኑ ሁሉ በኦክታቪያኖስ እጅ ገብቷል።

ሲሴሮ አገሩን ከእሳት ማዳኑን አልክድም፤ አምስቱም በደለኞች ነበሩ። ነገር ግን ሕግ የሚፈተነው የተወደደ ሰው ሲከሰስ ሳይሆን የተጠላ ሰው ሲከሰስ ነው። ለሮስኪዮስ የተሟገተው ጠበቃ ይህን ያውቅ ነበር፤ ኮንሱሉ ግን አንድ ምሽት ረሳው፤ በመጨረሻም ራሱ ፍርድ በፈለገ ጊዜ የሚፈርድለት አላገኘም። አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ እንደምታሳዝን የተረቱት ይህንኑ አይተው ይመስለኛል።

ያለ በደሉ የተቀጣውን ጓደኛዬን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አለቅነቴም እንደ ሮማውያን ሹመት በዓመቱ አልቆ ለሌላ ተላልፏል። ለተተካው ልጅ የስም መጻፊያውን ደብተር ሳስረክበው፥ ከመጻፉ በፊት እንዲጠይቅ ነገርሁት።