የሰር ሃሮልድ ጊሊስ ሕይወት

አሲድ ወይም ካስቲክ ሶዳ የእግርን ሥጋ በልቶ አጥንቱን ሲያራቁተው፥ ስስ ቆዳ ቢለጥፉበት አይይዝም፤ ባዶ አጥንት ለቆዳው ደም አይሰጠውምና። የሚያስፈልገው ደሙን ይዞ የሚመጣ ቆዳ ነው። ይህን ካስተማሩት ሐኪሞች አንዱ ሰር ሃሮልድ ጊሊስ ናቸው።

ጊሊስ እ.ኤ.አ. በ1882 በኒው ዚላንድ፥ በዱኒዲን ከተማ ተወለዱ። በካምብሪጅ ተምረው የጆሮ፥ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሆኑ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን ያክሙ ጀመር። በ1917 በሲድካፕ ሆስፒታል ፊቱ የተቃጠለ መርከበኛ ሲያክሙ፥ ከደረቱ ያነሡት ቆዳ ጠርዙ ወደ ውስጥ ሲጠቀለል አዩ፤ ጠርዙን ከጠርዙ ሰፍተው ቱቦ አደረጉት። ቱቦው ደሙን ጠበቀ፥ ከማመርቀዝም ዳነ። በኦዴሳም ፊላቶቭ የተባሉ የዓይን ሐኪም ይህንኑ ዘዴ ለብቻቸው አግኝተውት ነበር።

ዕውቀቱ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ጊሊስ ፊቱ ለተቃጠለ አንድ አውሮፕላን ነጂ ሰፊ ቆዳ በአንድ ጊዜ ቢተክሉለት፥ ቆዳው በሰበሰ፤ ወጣቱም በ1918 ሞተ። ይህ ሞት ሥራውን ከፋፍሎ በትዕግሥት መሥራትን አስተማራቸው።

ቱቦው ውሎ አድሮ ለእግርም ዋለ። ከሆድ የተነሣው ቆዳ አንድ ጫፉ በእጅ አንጓ ላይ ይሰፋል፤ ከሳምንታት በኋላ ከሆድ ተቆርጦ በእጅ ተሸካሚነት ተረከዝ ይደርሳል። በሽተኛው እጁ ከእግሩ ጋር ታስሮ እንደገና ሳምንታት ይተኛል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ሐኪሞች በማይክሮስኮፕ የደም ሥርን ከደም ሥር እየሰፉ ይህን ጉዞ በአንድ ቀን መፈጸም ችለዋል።

ጊሊስ በ1930 የሰርነት ማዕረግ ተቀብለው በ1960 አረፉ። በላቦራቶሪ አሲድ የምንይዝ ተማሪዎችም አንርሳ፤ የዚህ ሁሉ ድካም ማስቀሪያ፥ ወዲያው የሚፈስ ብዙ ውኃ ነው።