ዲዝል የሰው ስም ነው፦ ሞተሩ ዓለምን ዞረ፣ ሰውየው ባሕር ላይ ቀረ

ማደያ ላይ ተሰልፈው የምታዩዋቸው የጭነት መኪኖች፣ አይሱዙ በሉት ሲኖትራክ፣ ሞተራቸው ዲዝል ነው። ነዳጁን ግን ናፍጣ ነው የምንለው፤ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው። ታዲያ ብዙዎቻችን ዲዝል የሚለው የሆነ የቴክኒክ ቃል ይመስለናል። አይደለም፣ የሰው ስም ነው። ሩዶልፍ ዲዝል ይባላል፤ ጀርመናዊ መካኒካል ኢንጂነር ነበር።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህ ሰው ነው። በሞተሩ ሚሊየነር ሆነ፣ ከዚያ ሀብቱን አጣ፣ በመጨረሻም ማታ መርከብ ላይ ታይቶ ጠዋት ሲፈለግ አልተገኘም። ስለ አሟሟቱ በየቦታው ብዙ ይወራል። እኛ ግን ስራው ላይ ማተኮር መርጠናል። ለምን መሰላችሁ? የሰውየው መከራ የጀመረው ያን ምሽት ሳይሆን 15 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሞተሩ ገና ሳይበስል ገበያ የወጣ ጊዜ ነው።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስደተኛው ልጅ

ዲዝል የተወለደው ማርች 18 ቀን 1858 ፓሪስ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ከጀርመን ባቫሪያ የመጡ ናቸው፤ አባቱ የቆዳ ዕቃ እየሰራ ይሸጥ ነበር። ልጁ 12 ዓመቱ ላይ እያለ፣ በ1870፣ ፈረንሳይና ጀርመኖች ጦርነት ገጠሙ። ፓሪስ ውስጥ ጀርመናዊ ሆኖ መኖር አልተቻለም። ቤተሰቡ ያለውን ጥሎ ለንደን ገባ። እዚያም ኑሮ ሲከብድ ሩዶልፍን ብቻውን ጀርመን፣ አውግስቡርግ ከተማ ወዳሉ ዘመዶች ላኩት። የተቀበለው ሰው የሂሳብ አስተማሪ ነበር።

ልጁ ትምህርቱን ያዘ። በ14 ዓመቱ ኢንጂነር መሆን እንደሚፈልግ ለወላጆቹ በደብዳቤ ነገራቸው። ከዚያ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ሙኒክ ፖሊቴክኒክ ገባ።

እዚያ ካስተማሩት አንዱ ካርል ፎን ሊንዴ ነው፤ በማቀዝቀዣ ማሽኖቹ ስሙ የገነነ ሰው። ሊንዴ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አስተማረ፦ በዚያ ዘመን ፋብሪካውንም ባቡሩንም የሚያንቀሳቅሰው የእንፋሎት ሞተር፣ ከሚያነደው ከሰል ሙቀት ወደ ስራ የሚቀይረው ከ6 እስከ 10 በመቶውን ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር 10 ጆንያ ከሰል ብታነዱ የ9ኙ ሙቀት ባከነ ማለት ነው።

ሌላው ተማሪ ለፈተና ብሎ ይዞት ይሆናል። ዲዝል ግን ደብተሩ ላይ ጻፈው፣ ከጭንቅላቱም አልወጣም። ይህን ብክነት የሚቀንስ ሞተር መስራት የሕይወቱ ስራ ሆነ።

በ1879 ታይፎይድ ይዞት የመመረቂያ ፈተናው አመለጠው። እስከ ቀጣዩ ፈተና ድረስ ስዊዘርላንድ ሄዶ በሱልዘር የማሽን ፋብሪካ እጁን እያቆሸሸ ሰራ። በ1880 ተፈትኖ በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ። ከዚያ ሊንዴ ራሱ ቀጠረውና ፓሪስ ላይ የበረዶ ፋብሪካ አስተዳደረ። አገባ፣ ሶስት ልጆች ወለደ። ደመወዙን የሚያገኘው ከበረዶ ነው፤ ትርፍ ጊዜው ግን ለሞተር ነበር። መጀመሪያ በአሞኒያ የሚሰራ ሞተር ሞከረ። ዓመታት ፈጀበት፣ አልሆነም።

ሌላም የሚያሳስበው ነገር ነበር። የእንፋሎት ሞተር ግዙፍ ነው፣ ውድ ነው፤ የሚገዛው ባለ ገንዘብ ብቻ ነው። አናጢው፣ ሸማኔው፣ ትንሽ ወርክሾፕ ያለው ሰው ከትልቅ ፋብሪካ ጋር መወዳደር አቅቶት እየተዘጋ ነበር። ዲዝል ትንሹ ሰውም ሊገዛው የሚችል፣ ነዳጅ የማይፈጅ ሞተር ቢኖር ይህ ይለወጣል ብሎ አመነ።

ካንዴላ የሌለው ሞተር

ሃሳቡ ምንድን ነው? የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ ነፍታችሁ ታውቁ ይሆናል። ደጋግማችሁ ስትነፉ የፓምፑ ጫፍ ይግላል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ በጣም ካመቃችሁት ደግሞ ነዳጅ ለማቀጣጠል እስኪበቃ ይግላል።

የቤንዚን ሞተር ነዳጁንና አየሩን ቀላቅሎ ያምቃል፣ ከዚያ ካንዴላው ብልጭ አድርጎ ያቀጣጥለዋል። ድብልቁን ከልክ በላይ ካመቃችሁት ግን ያለ ሰዓቱ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ገደብ አለው። ዲዝል ያሰበው ሌላ ነው፦ አየሩን ለብቻው አጥብቆ ማመቅ፣ መጨረሻ ላይ ነዳጁን መርጨት። ነዳጁ የጋለውን አየር ሲያገኝ በራሱ ይነዳል። ካንዴላ አያስፈልግም። በደንብ የሚያምቅ ሞተር ደግሞ ከነዳጁ የበለጠ ጉልበት ያወጣል።

በ1892 ፓተንት ጠየቀ፣ በፌብሩዋሪ 1893 ተሰጠው። በዚያው ዓመት ሃሳቡን በመጽሐፍ አወጣ። ወረቀት ላይ ያለው ግን ችግር ነበረበት። የመጀመሪያው ስሌቱ 250 ከባቢ አየር የሚደርስ ግፊት ይፈልጋል፤ ይህን የሚችል ሞተር ማን ይሰራል? በዚያ ላይ ሞተሩ እንደ ስሌቱ ቢሰራ ያወጣውን ጉልበት መልሶ ራሱ አየር በማመቅ ይጨርሰው ነበር። ዲዝል ግፊቱን ዝቅ አድርጎ እንደገና ማስላት ነበረበት።

የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካ፣ ማለትም የዛሬው ማን ካምፓኒ አባት፣ መጀመሪያ እምቢ አለ። ስሌቱ ሲስተካከል ኃላፊው ሃይንሪክ ፎን ቡትስ ተቀበለ። የብረት ንጉሡ ክሩፕም ገባበት፣ ለዲዝል በዓመት 30,000 ማርክ ሊከፍል ተስማማ።

ኦገስት 10 ቀን 1893 የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። ነዳጁ ሲገባ ሞተሩ ፈነዳ፤ የግፊት መለኪያው ተሰባብሮ ተበተነ። ሰው አልሞተም። ዲዝል ግን አልከፋውም፣ ምክንያቱም ዋናው ጥያቄ ተመልሷል፦ ነዳጁ ያለ ካንዴላ ተቀጣጥሏል።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ሞተሩ በራሱ ጉልበት ለአንድ ደቂቃ ዞረ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 88 ዙር። እስከዚያ ድረስ ሞተሩን የሚያዞረው ከፋብሪካው ጋር ያገናኘው ቀበቶ ነበር። ያን ቀን ሞተሩ ቀበቶውን መጎተት ሲጀምር ቀድሞ ያስተዋለው መካኒኩ ነው። ቃል ሳይናገር ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ በኋላም ሶስት ዓመት ፈጀ። ትልቁ ራስ ምታት ነዳጁን በትክክለኛው ቅጽበት፣ በደንብ አድቅቆ መርጨት ነው። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ኖዝል የሚያስተካክል ልጅ ይህን ችግር በደንብ ያውቀዋል። ዲዝል ነዳጁን በታመቀ አየር እያስነፋ ማስገባትን መረጠ፤ ለዚህም ሞተሩ ላይ ተጨማሪ የአየር ማመቂያ አሰረ። ይህች መፍትሔ በኋላ ዋጋ አስከፍላዋለች።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ ፈተነው። ቁመቱ 3 ሜትር ገደማ፣ አቅሙ 20 የፈረስ ጉልበት አካባቢ የሆነ ነጠላ ሲሊንደር ነው። ውጤቱ፦ ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶውን ወደ ስራ ይቀይራል። ሊንዴ ክፍል ውስጥ ከተናገረው የእንፋሎት ሞተር ቢያንስ ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው።

ገንዘቡ ገባ፣ ስልክም መጮህ ጀመረ

ወሬው ተሰማና ገዢ ተሰለፈ። አሜሪካዊው የቢራ ጠማቂ አዶልፈስ ቡሽ ለአሜሪካና ለካናዳ መብቱን በ1 ሚሊየን ማርክ ገዛ። የኖቤል ቤተሰብ ለሩሲያ ወሰደ። በ1898 ዲዝል ፓተንቶቹን የሚይዝ ካምፓኒ ተቋቋመና 3.5 ሚሊየን ማርክ ተቆረጠለት። 40 ዓመቱ ነበር።

ችግሩ፣ የተሸጠው ነገር ገና አላለቀም። ፕሮፌሰር ፊት፣ ሰሪዎቹ አጠገቡ ቆመው የሚሰራ ሞተር ሌላ ነው፤ ደንበኛ ቤት በየቀኑ የሚሰራ ሞተር ሌላ ነው። በ1898 ኬምፕተን ከተማ ያለ የክብሪት ፋብሪካ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ሆነ። ሞተሩ ይበላሻል፣ ይጠገናል፣ እንደገና ይበላሻል። የነዳጅ መርጫው ይደፈናል። ሌሎች ደንበኞችም ሞተራቸውን መለሱ። ይህን ሞተር ብቻ ሊሰራ አውግስቡርግ ውስጥ የተከፈተው አዲስ ፋብሪካም ብዙ ሳይቆይ ማምረት አቆመ።

በዚህ ላይ ፓተንቱን የሚቃወሙ ሰዎች ተነሱ፤ ሃሳቡ የሱ አይደለም፣ የተሰራው ሞተርም ፓተንቱ ላይ እንደተጻፈው አይደለም እያሉ። ሁለተኛው ነገር እውነትነት ነበረው፤ ዲዝል በሙከራ እየተማረ ስሌቱን ቀይሯል። ጭንቀቱ ጤናውን ነካው። ራስ ምታቱ በረታ፣ በ1898 ለሕክምና ማረፊያ ቤት ገባ። ገንዘቡን ደግሞ መሬት መግዛት ላይ አፈሰሰው፣ ከሰረም። ሙኒክ ላይ ያሰራው ቪላ ግን ቆሞ ነበር፤ ሰው ከውጭ ሲያይ ዲዝል አሁንም ሚሊየነር ነው።

ሞተሩን ማን አዳነው ካላችሁ፣ በአብዛኛው ስማቸው የማይጠራ ሰዎች ናቸው። አውግስቡርግ ውስጥ እንደ ኢማኑኤል ላውስተር ያሉ ኢንጂነሮች ቁጭ ብለው ክፍሉን አንድ በአንድ እያረሙ ለስራ አበቁት።

በ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ሞተሩ ታላቁን ሽልማት አገኘ። እዚያ ከቀረቡት መሃል አንዱ ትንሽ ሞተር የሚሰራው በኦቾሎኒ ዘይት ነበር። ጥያቄው የመጣው ከፈረንሳይ መንግስት ነው፤ ኦቾሎኒ የሚበቅልባቸውን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹን አስቦ። ሞተሩ እንደወትሮው ስለሰራ አብዛኛው ጎብኚ ልዩነቱን እንኳ አላወቀም።

ለማን ሰራው፣ ማን ወሰደው

ዲዝል ያሰበው ለትንሹ ሰው ነበር። በ1903 ሰራተኞች ተባብረው የራሳቸውን ድርጅት ስለሚያቋቁሙበት መንገድ መጽሐፍ ጻፈ። ማንም አልገዛውም ማለት ይቻላል።

ሞተሩን የወሰዱት ትልልቆቹ ናቸው። በ1903 ቮልጋ ወንዝ ላይ የኖቤል ነዳጅ ጫኝ መርከብ በዲዝል ተንቀሳቀሰ። ባሕር ኃይሎች ለሰርጓጅ መርከብ ፈለጉት። በ1912 የዴንማርኳ ሴላንዲያ ያለ ከሰልና ያለ እንፋሎት ውቅያኖስ አቋረጠች። ለመኪና የሚሆን ትንሽ ሞተር ለመስራት ዲዝል ራሱ ደጋግሞ ሞክሯል፤ ያቺ የአየር ማመቂያ ግን ክብደቱን ታበዛበታለች። ዋናው ፓተንቱም ጊዜው አልፎ ነበር፤ መርከቦቹ ሲበዙ የእሱ ኪስ አልሞላም።

የመጨረሻው ጉዞ

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ማታ፣ ዲዝል ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በምትሄደው ድሬስደን መርከብ ተሳፈረ። ለስብሰባና ለአዲስ የሞተር ፋብሪካ ጉዳይ ነው የሚሄደው። ከሁለት የስራ ባልደረቦቹ ጋር እራት በላ፣ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ክፍሉ ገባ፣ ጠዋት እንዲቀሰቅሱት ነገራቸው። ጠዋት አልጋው አልተተኛበትም። ኮትና ባርኔጣው መርከቡ ላይ ተገኘ። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ የሆላንድ ጀልባ ባሕር ላይ አስከሬን አገኘ፤ ሰራተኞቹ ኪሱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ወስደው አስከሬኑን ለባሕሩ መለሱት። ዕቃው የአባቱ መሆኑን ልጁ አረጋገጠ። 55 ዓመቱ ነበር።

ጋዜጦቹ ጀርመን ገደለችው፣ ነዳጅ ነጋዴዎች ገደሉት አሉ። ለአንዱም ማስረጃ አልቀረበም። ከመሄዱ በፊት ለሚስቱ ቦርሳ ሰጥቷት ነበር። ስትከፍተው ጥሬ ገንዘብና የባንክ ሂሳባቸው ባዶ ሊሆን መድረሱን የሚያሳይ ወረቀት አገኘች። ዕዳውን እቤቱም ደብቆ ነው የኖረው።

ስራው ግን ቀጠለ። በ1924 ገደማ የጀርመን ፋብሪካዎች የዲዝል ጭነት መኪና ማቅረብ ጀመሩ። በ1927 ቦሽ የነዳጅ መርጫ ፓምፑን በብዛት ማምረት ሲጀምር ያ ከባድ የአየር ማመቂያ ቀረ። በ1936 መርሴዲስ ቤንዝ የዲዝል የቤት መኪና አወጣ። ዛሬ ትልልቆቹ የመርከብ ሞተሮች ከነዳጃቸው ግማሹን ያህል ወደ ስራ ይቀይራሉ። ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ዕቃችን በአብዛኛው በዲዝል መርከብ ነው የሚጓዘው፣ ከጅቡቲም ብዙው በናፍጣ መኪና ነው የሚገባው።

አፕ እየሰራችሁ፣ ማሽን እየፈታችሁ፣ ትንሽ ንግድ እየጀመራችሁ ላላችሁ፦ ዲዝል አንድ ጊዜ የሚሰራ ሞተር ለማሳየት 4 ዓመት ፈጀበት። በየቀኑ የሚሰራ ለማድረግ ከዚያ በላይ ጊዜና የሌሎች ሰዎች እጅ አስፈለገ። ገንዘቡ የመጣው በሁለቱ መሃል ነው፤ እሱም የወደቀው እዚያው ላይ ነው።

ቀጥሎ የማንን ታሪክ እንድናቀርብላችሁ ትፈልጋላችሁ? ጻፉልን።