የእጨጌ ዕንባቆም ታሪክ

ከደጀን ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ዓባይ በረሓ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ በጎሐ ጽዮን በኩል ወጥቶ ወደ ደብረ ሊባኖስ አገር ይደርሳል። በዚያ ገዳም ዕንባቆም የሚባል ሊቅ ነበረ።

ዕንባቆም የተወለደው በየመን፥ ከእስላም ወገን ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ስለ ሃይማኖት ጥርጥር አደረበት። ጥርጥር ማለት እውነቱን ገና ያልለየ ሐሳብ ነው። እርሱም ጥርጥሩን አልሸሸገም፤ እጨጌ ጴጥሮስን ጠየቀ፥ መጻሕፍትንም መረመረ። ከዚህ በኋላ ክርስቲያን ሆነ፥ መነኰሰም፤ ኋላም እጨጌ፥ ማለት የደብረ ሊባኖስ አለቃ፥ ሆኖ ተሾመ።

ገድሉ እንደሚናገረው፥ ንጉሡን ከድቷል ተብሎ በሐሰት ተከሰሰና ተጋዘ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ተፈታ። ክስና ማስረጃ አንድ አይደሉም። ክስ የከሳሽ ቃል ነው፤ ማስረጃ ግን ነገሩ እውነት መሆኑን የሚያሳይ ነው። ማስረጃ ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሰው ንጹሑን ይበድላል።

የኢማም አሕመድ ሠራዊት ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ። ዕንባቆም ሰይፍ አላነሣም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1540 አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ ጻፈ። በክርክር ሁለቱ ወገን የሚቀበሉት ነገር መነሻ ይባላል፤ ከመነሻው የሚገኘው ፍርድ መደምደሚያ ይባላል። ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ቢጣሉ፥ አስቀድሞ ሁለቱም የሚያምኑት ሽማግሌ ይፈለጋል። እንዲሁ ዕንባቆም ኢማሙ ከሚያከብረው ከቁርዓን እየጠቀሰ ተከራከረ። ተከራካሪው የማይቀበለውን ነገር መነሻ ቢያደርግ ኖሮ ድካሙ ከንቱ በሆነ ነበር።

መጽሐፉ ጦርነቱን አላስቆመም፤ ኢማሙ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1543 በጦር ሜዳ እስኪሞት ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ። ዕንባቆም ግን ሥራውን አልተወም። የንጉሥ ገላውዴዎስ አማካሪ ሆነ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1553 ስለ አንድ የህንድ ንጉሥ ልጅ የሚናገረውን የበረላምና የይዋስፍን መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተረጐመ።

ሰይፍ ሰውን ዝም ያሰኛል እንጂ አያሳምንም። ሲበደል በማስረጃ የሚመልስ፥ የባላጋራውንም ቃል አስቀድሞ የሚያጠና ሰው፥ ባያሸንፍ እንኳ ኅሊናው አይወቅሰውም።