ፍራንክ ሃልፎርድና የግማሹ ሞተር ታሪክ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በእንግሊዝ አገር እጅግ ብዙ የአውሮፕላን ሞተሮች ሥራ ፈትተው በመጋዘን ተከማችተው ነበር። ይህን የጦርነት ትራፊ ገዝቶ የሚሸጠው ኤርክራፍት ዲስፖዛል የተባለው ኩባንያ ነው። ከክምችቱ መካከል 80 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ስምንት ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ የተደረደሩበት የፈረንሳዩ ሬኖ ሞተር ይገኝበት ነበር። ንድፉ ያረጀ ስለ ነበር እምብዛም ፈላጊ አልነበረውም።

ፍራንክ ሃልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1894 በኖቲንግሃም ተወለደ። በ1913 የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ አውሮፕላን ማብረር ተማረ፤ ብዙም ሳይቆይ አስተማሪ ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ በሞተር ንድፍ ሥራ ላይ ተሰማራ፤ በ1922 ደግሞ በማን ደሴት የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ተወዳደረ። ስለዚህ የሞተርን ጠባይ ከሥዕል ጠረጴዛው ባሻገር በእጁና በጆሮው ጭምር ያውቅ ነበር።

ሃልፎርድ በመጀመሪያ የሬኖውን ሲሊንደሮች አሻሽሎ ጉልበቱን ወደ 120 አደረሰው። በዚያው ዘመን ጄፍሪ ደ ሃቪላንድ ለባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን የሚሆን ርካሽ ሞተር አጥቶ ተቸግሮ ነበር። የሞተር ብስክሌት ሞተሮች ደካሞች፣ የጦር አውሮፕላን ሞተሮች ደግሞ ከባዶችና ውዶች ነበሩ። መፍትሔው ስምንቱን ሲሊንደር ለሁለት መክፈል ሆነ፤ ሲረስ የተባለው ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ 60 የፈረስ ጉልበት ሞተርም ተወለደ። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ክራንክ ሻፍቱና አቃፊው እንደ አዲስ መሠራት ነበረባቸው። ሬኖው በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ሲሆን በሲረስ ላይ ማራገቢያው ቀርቶ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ብቻ እስከ ኋለኛው ሲሊንደር ድረስ ማቀዝቀዝ ነበረበት። ሞዝ የተባለው አውሮፕላን በዚህ ሞተር የካቲት 22 ቀን 1925 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ።

ሞዝ ገበያ ሲያገኝ ግን የትራፊ ዕቃ ጥገኝነት ችግሩን አመጣ፤ የመጋዘን ክምችት ማለቁ አይቀርምና። ስለዚህ ደ ሃቪላንድ የራሱ ሞተር እንዲኖረው ፈለገ፤ ሃልፎርድም ጂፕሲን ነደፈለት። በ1927 በእሽቅድምድም አውሮፕላን ላይ ሲፈተን 135 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ለሽያጭ ሲቀርብ ሆን ተብሎ ወደ 100 ዝቅ ተደረገ። ይህ ውሳኔ ሳይበዛ ሊመሰገን ይገባዋል። አንድ ጂፕሲ እንዳይከፈት ታሽጎ 600 ሰዓት በርሮ ሲፈታ ጥቂት ዕቃ ብቻ መለወጥ ያስፈለገውም የዚሁ ትዕግሥት ውጤት ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ተገለበጠ። ሲሊንደሮቹ ወደ ታች ሲዞሩ የአብራሪው እይታ ተከፈተ፤ በአንጻሩ ሞተሩ በቆመበት ዘይት ወደ ሲሊንደሮቹ የመውረድ አዲስ ጣጣ ተፈጠረ። በ1932 የወጣው ባለ 130 የፈረስ ጉልበት ጂፕሲ ሜጀር የዚሁ የተገለበጠ ዝርያ ሲሆን ታይገር ሞዝ በተባለው የማሠልጠኛ አውሮፕላን ላይ ስሙን አስጠራ።

ሃልፎርድ በኋላ ወደ ጄት ተሻግሮ በ1943 ሜቲዮር ተዋጊ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በእርሱ ሞተሮች ነበር። በ1955 ሲሞት የእንግሊዝ አየር ኃይል ዕጩ አብራሪዎች የሚሠለጥኑበት ቺፕመንክ አሁንም ጂፕሲ ሜጀርን አፍንጫው ላይ ተሸክሞ ይበር ነበር።