ራስ ተሰማ ናደውና የጎሬ መንገድ

ከመቱ ወደ ጎሬ የሚወጣ መንገደኛ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ የሚደርስበት ደጋ፣ የኢሉባቦር አገረ ገዥ የነበሩት የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበር። ራስ ተሰማ በታሪክ ይበልጥ የሚታወቁት በልጅ ኢያሱ ሞግዚትነታቸውና በእንደራሴነታቸው ነው። ለመንገድ ባለሙያ ግን ከዚህ ሹመት ይልቅ በኢሉባቦር ያሳለፉት ዘመን ብዙ ያስተምራል። ይኸውም እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ቢጠነክር እንኳ፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት ጊዜ ካልተመጣጠነ ድካሙ ከንቱ መሆኑን ያሳያልና ነው።

በ1890 ዓ.ም. ተሰማ ገና ደጃዝማች ሳሉ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ጦር መርተው ከጎሬ ወደ ነጭ ዓባይ ዘመቱ። በዚያው ወራት በማርሻን የሚመራ የፈረንሳይ ጓድ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥቶ ወደ ፋሾዳ ይገሠግሥ ነበር። የፈረንሳዮቹ ሐሳብ ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጡት ወገኖች በወንዙ ዳር እንዲገናኙ ነበር። ዋናው የተሰማ ጦር በቆላው ንዳድ ስለ ተጎዳ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተለይተው በሰኔ አጋማሽ የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ ጋር ከሚቀላቀልበት ስፍራ ደረሱ። የሚቀበላቸው ስላላገኙ ተመለሱ። ማርሻን ፋሾዳ የገባው ግን በሐምሌ መጀመሪያ፣ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነበር። ሁለቱም ወገኖች መንገዳቸውን ተወጥተዋል፤ አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቅበት ምልክት ግን አልነበረም።

ይኸው ችግር በከተማ ጎዳና ላይ በየደቂቃው ይደገማል። ሁለት መስቀለኛ መንገዶች በ500 ሜትር ቢራራቁና ተሽከርካሪዎች በሰከንድ 10 ሜትር ቢጓዙ፣ የሁለተኛው አረንጓዴ መብራት ከመጀመሪያው 50 ሰከንድ ዘግይቶ መብራት ይገባዋል። ሁለቱም መብራቶች እኩል ዑደት ሊኖራቸው የግድ ነው። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ፣ እያንዳንዱ መብራት ለብቻው ቢስተካከልም ተሽከርካሪው በየመገናኛው ይቆማል።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላም የኢሉባቦር ቡና ወደ ሱዳን የሚወርድባት በር ሆነች። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ ጋምቤላ ግን ከ500 ሜትር እጅግም አይርቅም። በቡሬ በኩል የሚወርደው የበቅሎ መንገድ ይህን ቁልቁለት ያቋርጣል። የእንፋሎት ጀልባዎች እስከ ጋምቤላ የሚዘልቁት ባሮ በሚሞላበት ጊዜ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ ነበር። ወንዙ በሚከፈትበት ወራት ግን የደጋው መንገድ ጭቃ፣ ጅረቱም ሙላት ነው። ስለዚህ ቡናው በበጋ ወርዶ በመጋዘን ተከማችቶ ክረምቱን መጠበቅ ነበረበት። የሁለቱን መስመሮች ጊዜ ያገናኘው መጋዘን ነበር።

ይሁን እንጂ የዚህ መስመር ወጪ በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። በኢሉባቦር የተተከለው የገባር ሥርዓት የገበሬውን ጉልበትና ምርት ለገዥው ያስገብር ነበር። የሹሙና የነጋዴው ጭነት ቅድሚያ ሲያገኝ፣ የገበሬው ጊዜ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ተሰማ በ1901 ዓ.ም. ለልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው ተመረጡ፤ እቴጌ ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲገለሉም የመንግሥቱ ሥራ በእጃቸው ገባ። ብዙም ሳይቆዩ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. አረፉ። የጎሬ ንግድ ከእርሳቸው በኋላም ቀጥሎ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችን ስቧል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ግን የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ወደ መቱ ተዛወረ።

የመንገድ መረብን የሚያቀናጅ መሐንዲስ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር ይወስዳል። አንደኛው መገናኛዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሥሌት መታሰር እንዳለባቸው ነው። ሁለተኛው፣ አንዱ እንዲያልፍ ሌላው ሲቆም፣ የቆመው ማን እንደ ሆነና ምን ያህል እንደሚጠብቅ በሥሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። ያለዚያ የሚቀናጀው የትራፊክ ፍሰት የኃይለኛው ፍሰት ብቻ ይሆናል።